ቦምቤ ላይ «ኑ» ያለ ሰው

ቦምቤ ገበያ መሃል ቆመው በአማርኛ «ኑ!» ብለው ቢጣሩ፣ ከአዲስ አበባ ጭነት ሊያነሡ የመጡት ሹፌርና ረዳቱ ወደ እርስዎ ይዞራሉ። ተጠርተዋላ! አጠገብዎ ዝንጅብል የዘረጋችው ሴትዮ ግን፣ አማርኛ ካልለመደች፣ ጆሮዋ የገባው ጥሪ አይደለም። በወላይትኛ «ኑ» ማለት «እኛ» ወይም «የእኛ» ነው። «ኑ ኬታ» ቤታችን፣ «ኑ ቢታ» አገራችን፣ «ኑ ዶና» ቋንቋችን ነው። ስለዚህ «የእኛ…» ብለው ንግግሩን ያቋረጡ ይመስላታል፤ የእኛ ምን? እያለች ቀሪውን ትጠብቃለች።

ቦምቤ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ከኦሞ ወንዝ ማዶ ዳውሮ አለ፤ በሰሜን በኩል የጠምባሮና የከምባታ አገር ይጀምራል። ወላይትኛና ዳውርኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ይመደባሉ፤ ከምባትኛ ኩሻዊ ነው፤ አማርኛ ሴማዊ ነው። አንዲት የገበያ ቀን ሦስቱንም ታገናኛለች። አንዲት አጭር ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ስትሻገር ምን እንደሚገጥማት ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

«ኑ»ን ተከትለን ትንሽ ራቅ እንበል። ኦሮሞው «ኑ» ሲል «እኛን» ማለቱ ነው። ፈረንሳዩም «ኑ» ይላል፤ ለእሱም «እኛ» ነው። ሮማንያ ሲደርሱ ግን «ኑ» እምቢታ ይሆናል፤ «አይ፣ አይሆንም» ማለት ነው። ዴንማርክ ውስጥ «አሁን» ነው። ሩሲያዊ በየንግግሩ መሃል «ኑ» ይላል፤ እኛ «እሺ፣ ታዲያስ» እንደምንለው ያለ ማያያዣ ነው። ማንዳሪን በሚባለው ቻይንኛ ደግሞ ትርጉሙን የሚቆርጠው ዜማው ነው፦ ወደ ላይ ሲነሣ ባሪያ፣ ዝቅ ብሎ ሲመለስ መጣር፣ ከከፍታ ሲወድቅ ቁጣ።

ይህን የሰማ ሰው ልቡ ወደ አንድ ሐሳብ ይሮጣል፦ ወላይታ፣ ኦሮሞና ፈረንሳይ ሦስቱም «ኑ» ብለው «እኛ» ካሉ የጥንት ዝምድና አላቸው ማለት ነው! ይህ ሐሳብ ልብ ይስባል፤ መጻሕፍትም በእንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ተጽፈዋል። እኔ ግን ከመቀበላችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ እላለሁ።

የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ዛሬ በአነጋገር ስለማይለዩ 28 ተነባቢ ይቀረናል፤ በ7 ቢባዛ 196 ነው። እንደ «ኑ» ያለ ባለ አንድ ፊደል ቃል የሚወጣው ከእነዚህ ከ200 ካነሱ ድምፆች ነው። በዓለም ላይ ደግሞ 7,000 የሚያህሉ ቋንቋዎች ይነገራሉ። «ን» የሌለበት ቋንቋ ብርቅ ነው፤ «ኡ»ም ከ«አ» እና ከ«ኢ» ጋር በየቋንቋው በብዛት ከሚገኙት ሦስት አናባቢዎች አንዱ ነው። በዚያ ላይ አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ እንዳስተዋለው፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠቀምበት ቃል አጭር የመሆን ዝንባሌ አለው፤ «እኛ»፣ «አሁን»፣ «አይ»፣ «ና» የሚሉት ሁሉ በዚህች ጠባብ ቤት ይጋፋሉ። ጥቂት መቀመጫ ላይ ብዙ እንግዳ ሲመጣ መደራረብ የግድ ነው።

ረዘም ያለ ቃልም ቢሆን አንዳንዴ ይገጥማል። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ይነገር በነበረው ምባባራም በተባለ የነባር ሕዝብ ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ቋንቋውን ያጠናው ዲክሰን መጀመሪያ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ መስሎት ነበር። ኋላ ሲመረምረው ቃሉ «ጉዳጋ» ከሚል የቆየ ቃል፣ በራሱ በምባባራም የድምፅ ለውጥ፣ ተሸራርፎ የወጣ ሆነ። ሁለቱ ቃላት ተያይተው አያውቁም።

አሁን ወደ ዝንጅብል ሻጯ እንመለስ። ቦሎሶ ቦምቤ የዝንጅብል አገር ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው አጠውላጊ የባክቴሪያ በሽታ የብዙ ገበሬ ማሳ አጥፍቶ ኑሮ እስኪያናጋ ድረስ አካባቢው በዚህ ምርት ይታወቅ ነበር። በአማርኛ «ዝንጅብል» የምንለው በዓረብኛ «ዘንጀቢል» ነው፤ በጥንቱ ግሪክ «ዚንጊበሪስ»፣ በሳንስክሪት «ሽርንጋቬራ»። የእንግሊዙ «ጂንጀር»ም የዚሁ ቃል ቅሪት ነው። ዝ፣ ን፣ ጅ፣ ብ፣ ል፦ አምስት ተነባቢዎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ። ሁሉም ድምፅ እኩል ዕድል አለው ብለን ሒሳቡን ብናቀል፣ 28 ተነባቢዎች በአምስት ቦታ 17 ሚሊዮን ያህል አደራደር አላቸው። የዓረብኛውና የአማርኛው ቃል በአጋጣሚ ተገናኙ ማለት አይቻልም፤ ከሕንድ ጠረፍ ጀምሮ ነጋዴና ጀልባ ይዘውት መጥተዋል። ስለዚህ ረጅሙ ቃል የተጓዘበትን መንገድ ይናገራል፤ አጭሩ ቃል ግን ለብቻው ለምስክርነት አይበቃም።

ታዲያ አጭር ቃል መነሻው አይታወቅም ማለት አይደለም፤ ዘመዶቹን አብሮ መጥራት ያስፈልጋል እንጂ። የአማርኛውን «ኑ» እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው የግእዙን «ንዑ» ሰምቷል፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ «ንዑ» ይላል። አማርኛ የ«ዐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ስለጣለ «ንዑ» ወደ «ኑ» ታጠፈ። ይህን እንዴት አወቅን? ለውጡ በዚህች ቃል ላይ ብቻ ስላልደረሰ ነው። «ሰምዐ» ሰማ ሆነ፤ «በልዐ» በላ ሆነ። አንድ ድምፅ በአንድ ቦታ ሲጠፋ በሌላውም ቦታ በዚያው ሥርዓት ከጠፋ፣ የቋንቋ አጥኚ የሚያምነው ያንን ሥርዓት ነው። ምነው «መጣ» እያልን ስናዝ «ምጡ» ሳይሆን «ኑ» እንላለን? ስንከለክል ደግሞ «አትምጡ» ነው። «ና፣ ነይ፣ ኑ» በትእዛዝ ብቻ የሚኖር የጥንት ቃል ነው፤ «መጣ» የመጣው ከሌላ ቤት፣ ከግእዙ «መጽአ» ነው።

«መጽአ» መጣ ሲሆን «ጽ» ወደ «ጥ» ዞሯል። ይኸው ዝውውር ፀጉርንና ጠጉርን፣ ፀበልንና ጠበልን ጎን ለጎን ያኖራል። ወላይትኛም የጸ ድምፅ ስለሌለው «መጽሐፍ»ን ሲዋስ በራሱ መንገድ «ማጣፋ» አደረገው፤ መጽሐፍ ቅዱስ «ጌሻ ማጣፋ» ይባላል። አማርኛ በገዛ ቃሉ ላይ ያደረገውን ወላይትኛ በተዋሰው ላይ አደረገ።

ፈረንሳይና ሮማንያም በዚሁ ሥርዓት ይፈታሉ። ሁለቱም ቋንቋዎች የላቲን ልጆች ናቸው። ላቲን «እኛ»ን «ኖስ»፣ እምቢታን «ኖን» ይል ነበር። ፈረንሳይኛ «ኖስ»ን፣ ሮማንኛ «ኖን»ን እየሸራረፉ ሁለቱም «ኑ» ላይ ደረሱ። የአንድ እናት ልጆች፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ትርጉም! የፈረንሳዩ «እኛ» የመጣበት ጎዳና ተለይቶ ስለታወቀ፣ ከወላይታው ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም።

የወላይታውና የኦሮሞው «ኑ» ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። በእኛ አካባቢ ቋንቋዎች «ን» ለ«እኛ» የሚሰጥ ድምፅ ነው። ግእዝ «ንሕነ»፣ ዓረብኛ «ነሕኑ»፣ አፋር «ናኑ»፣ ሲዳምኛ «ኒንኬ» ይላል። የአማርኛው «ሄድን» መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ራሷ «እኛ» ናት። የጥንት ግብፃውያንም «የእኛ» ለማለት በቃሉ ጫፍ «ን» ያስከትሉ ነበር። አፍሮ እስያዊ የሚባለው ታላቅ የቋንቋ ቤተሰብ አንዱ መታወቂያ ይህ ነው። ወላይትኛም የዚህ ቤት ልጅ ነው? አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ወላይትኛንና መሰል ኦሞአዊ ቋንቋዎችን ከኩሻዊ ለይቶ፣ በኦሞ ወንዝ ስም «ኦሞቲክ» የሚባል የራሳቸው ቅርንጫፍ ሰጣቸው፤ ከአፍሮ እስያዊ ግንድ ግን አላወጣቸውም። ኖርዌያዊው ሮልፍ ቴይል ማስረጃው አይበቃም፣ ራሱን እንደቻለ ቤተሰብ እንያቸው ብሎ ተከራክሯል።

ክርክሩን ለማየት ከ«ኑ» ጎን ያሉትን ሁለት ቃላት ይጨምሩ። ወላይታው «እኔ» ሲል «ታኒ»፣ «አንተ» ሲል «ኔኒ» ነው። «ት» እኔ ነው፤ «ን» አንተ። አማርኛው «እኔ» እና «አንተ»፣ ኦሮምኛው «አኒ» እና «አቲ»፣ ዓረብኛው «አና» እና «አንተ» ናቸው፤ በእነዚህ «ን» ወደ እኔ፣ «ት» ወደ አንተ ያዘነብላል። ልክ ተገላቢጦሽ ነው! «ኑ» ገጥማ ጎረቤቶቿ ካልገጠሙ፣ በ«ኑ» ብቻ ዝምድናን ማጽደቅ ችኮላ ይመስለኛል።

የወላይትኛ የቅርብ ዝምድና ግን አያከራክርም። ወላይታው ቤትን «ኬታ»፣ ውኃን «ሃታ» ሲል ጋሞው ወደ «ትስ» የሚጠጋ ድምፅ አስገብቶ «ኬትሳ»፣ «ሃትሴ» ይላል። በአንዱ ጠበቅ ያለ «ት» ባለበት ሌላው «ትስ» ያመጣል፤ ይህ ሥርዓት ነው። «ኑ» ደግሞ ለወላይታ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋም ለዳውሮም አንድ ናት።

በ1990ዎቹ መባቻ ይህ ቅርበት ወደ ፖለቲካ ገባ። የአራቱን ሕዝቦች ቋንቋ ቀላቅሎ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማድረግ ተሞከረ፤ ስሙም ከአራቱ መጀመሪያ ድምፆች ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። መጻሕፍቱ በ1992 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሶዶ ተነሣች፤ መምህርና ተማሪ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። የሥነ ልሳን ዝምድና ሰንጠረዥ ለአጥኚ ይጠቅማል፤ አንድን ልጅ በእናቱ ባልሆነ ቃል «ይህ ያንተ ነው» ብሎ ማስተማር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ የተጮኸው ጩኸት በሁለት ቃል ቢጻፍ «ኑ ዶና» ነው።

በወላይትኛና በአማርኛ ያደገ የቦምቤ ልጅ «ኑ» ሲሰማ በአእምሮው ምን ይሆናል? ቪዮሪካ ማሪያንና ማይክል ስፒቪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎችን ዕቃ ፊት አስቀምጠው ዓይናቸውን በካሜራ ተከታተሉ። በሩሲያኛ «ማርኩ»፣ ማለትም ቴምብር፣ እንዲያነሡ ሲታዘዙ፣ ዓይናቸው ለቅጽበት በእንግሊዝኛ «ማርከር» ወደሚባለው ባለ ቀለም ብዕር ይሸሽ ነበር። ትእዛዙ በሩሲያኛ ቢሆንም እንግሊዝኛው አልተኛም። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው አንዱን ዘግቶ ሌላውን አይከፍትም፤ ሁለቱም በር ገርበብ ብለው ይቆያሉ፣ የቀረው ዐረፍተ ነገር አንዱን ይዘጋል።

ሶዶ ላይ ምሳ ቤት ገብተው «ዓሣ» ቢያዙ አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ይመጣል። በእናቱ ቋንቋ ግን «አሳ» ማለት ሰው፣ ሕዝብ ነው፤ «ወላይታ አሳ» የወላይታ ሕዝብ። ለዓሣው «ሞሊያ» የሚል ሌላ ቃል አለው። አስተናጋጁ አንድም ቀን አልተምታታበትም፤ ምሳ ሰዓት፣ የምግብ ዝርዝርና የደንበኛው አማርኛ በሩን ዘግተውለታል። እዚህ ላይ የግእዝ ፊደላችን የሚሰውረውን አንድ ነገር ልጥቀስ፦ በወላይትኛ «አዋ» መጀመሪያው ሲያጥር ፀሐይ፣ ሲረዝም አባት ነው፤ እኛ ሁለቱንም አንድ ዓይነት እንጽፋቸዋለን። በወላይታ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የላቲን አጻጻፍ ፊደሉን ደርቦ ይለያቸዋል።

የአማርኛው «ኑ» ወደ ወላይትኛ ሲገባ «ሃ ዪቴ» ይሆናል። ስለዚህ ያቺ ዝንጅብል ሻጭ ገበያው ሲበተን እርስዎንና ሹፌሩን «ኑ ኬታ ሃ ዪቴ» ብትላችሁ፣ «ኑ»ን መጀመሪያ ላይ ሰምታችሁ እንደ ጥሪ አትቁጠሯት፤ ጥሪው መጨረሻ ላይ ነው። «ወደ ቤታችን ኑ» ማለቷ ነው።