«የጾም» የሚለው ቃልና የወተት አለርጂ፦ ለአስመጪ፥ ለላኪና ለባለሱቅ የሚጠቅም ማብራሪያ

በንግድ ሥራ ውስጥ በዕቃ መጠቅለያ ላይ የሚጻፍ ቃል እንደ ውል ይቈጠራል። ሻጩ በጽሑፍ የተናገረውን ገዢው አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ዕቃው ምግብ በሆነ ጊዜ ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ የራሱን ጤንነትና የልጆቹን ሕይወት ጭምር በዐደራ ይሰጣል። በዚህ ሳምንት የምናቀርበው ጉዳይ ይህንኑ ዐደራ የሚመለከት ነው። ይኸውም የወተት አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፥ ሊቃውንት ስለዚህ ሕመም ምን እንደ ደረሱበት፥ ከአገራችን የጾም ማዕድ ምን ዐይነት ርዳታ እንደሚገኝ፥ እንዲሁም «የጾም» የሚለው ቃል በመጠቅለያ ላይ ሲጻፍ ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምንድር ነው?

አስቀድሞ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባል። በዓለም ላይ ካሉት ጐልማሶች ብዙዎቹ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፥ ይጮኻል፥ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። ይህ የሚሆነው በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኤንዛይም ከሕፃንነት በኋላ በሰውነታቸው ውስጥ ስለሚቀንስ ነው። ሁኔታው የሚያስቸግር ቢሆንም ለሕይወት አያሰጋም፤ ለብዙዎቹም ጥቂት ወተት ወይም እርጎ ምንም አያደርጋቸውም።

የወተት አለርጂ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የዚህ መነሻው ስኳሩ ሳይሆን የወተቱ ፕሮቲን ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ ካዜን የተባለው ነው፤ የቀረው 20 ያህል አይቡ ከወጣ በኋላ በአጓቱ ውስጥ የሚቀረው ነው። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኀይል ይህን ምንም ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። ከዚህም የተነሣ ወተቱ በተቀመሰ በጥቂት ደቂቃዎች፥ አልፎ አልፎም እስከ ሁለት ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ፥ ቆዳ ሽፍ ይላል፤ ከንፈርና ዐይን ያብጣል፤ ትውከት ይከተላል። ሕመሙ የጠና እንደ ሆነ ደግሞ ጕሮሮ ይጠባል፥ ትንፋሽ ያጥራል፥ የደም ግፊት ይወርዳል። አናፊላክሲስ የሚባለው ይኸው ነው። ፈጥኖ የሚሰጠው መድኃኒት በታፋ ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ሲሆን፥ ከመርፌው በኋላም በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሕመሙ በይበልጥ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። በበለጸጉ አገሮች ከመቶ ሕፃናት እስከ 3 የሚደርሱት እንደሚያዙ ይገመታል። አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ሕመሙን ይዘው ያድጋሉ። በጐልማሳነት የቀረው አለርጂ ብዙ ጊዜ የጠና ይሆናል።

ሊቃውንት የደረሱበት

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ሪሼ በ1902 ከባልደረባው ከፖል ፖርቲዬ ጋር ባደረገው ምርመራ አናፊላክሲስን ገልጦ ስም አወጣለት፤ ስለዚሁም ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ደግሞ በ1906 የፈጠረው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው።

በ1921 ፕራውስኒትዝና ኪስትነር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች አንድ ድንቅ ሙከራ አደረጉ። ኪስትነር ዓሣ አይስማማውም ነበር። ከእርሱ ደም የተወሰደው ፈሳሽ በፕራውስኒትዝ ቆዳ ሥር ገብቶ፥ በማግሥቱ በዚያው ስፍራ የዓሣ ጭማቂ ቢወጋ ቆዳው ወዲያው አበጠ። በዚህም አለርጂን የሚያመጣው ነገር በደም ውስጥ እንደሚኖር ታወቀ። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ እስኪለይ ድረስ ግን አርባ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1966 እና በ1967 በአሜሪካ የሚሠሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፥ በስዊድንም ዮሃንሶንና ቤኒሽ፥ በየበኩላቸው አገኙት። በ1968ም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የሚል ስም ጸናለት። ዛሬ ሐኪም ደም መርምሮ ወይም ቆዳ በመርፌ ጫር አድርጎ አለርጂን የሚፈልገው በዚሁ ዕውቀት ነው።

ከቅርብ ጊዜው ምርምር ሁለቱን እንጠቅሳለን። በ2008 በኒው ዮርክ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በኬክ ውስጥ ሆኖ በብርቱ እሳት የበሰለ ወተትን መቻል ችለዋል፤ የእሳቱ ኀይል የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚለውጠው ነው። ነገር ግን የቀረው አንዱ ክፉኛ ሊታመም ይችላልና፥ ይህን ሙከራ ያለ ሐኪም በቤት ውስጥ ማድረግ አይገባም። ሁለተኛው፥ በየካቲት 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ኦማሊዙማብ የተባለውን መርፌ ለምግብ አለርጂ እንዲውል መፍቀዱ ነው። መድኃኒቱ በስሕተት ከተቀመሰ ጥቂት መጠን የሚመጣውን አደጋ ያቀልላል እንጂ ሰውየው ወተት እንዲጠጣ አያደርገውም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ እስከ ዛሬ ድረስ መጠንቀቅ ነው። ጥንቃቄው ደግሞ በወጥ ቤትና በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚፈጸም ነው።

ያለ ወተት የሚሰናዳ ማዕድ

በሌሎች አገሮች አንዲት እናት ልጅዋ ወተት እንደማይስማማው በተነገራት ጊዜ ከቅቤ፥ ከክሬምና ከአይብ የተለየ የአበሳሰል ዘዴ እንደ አዲስ መማር ግድ ይሆንባታል። በእኛ አገር ግን ረቡዕና ዐርብን፥ የዐቢይን ጾም 55 ቀናትና ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል የሌለበትን ማዕድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አሳምሮ ያውቃል። በዘይት የተቍላላ ሽሮ፥ የምስር ወጥ፥ የክክ አልጫ፥ ጐመን፥ አዚፋ፥ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ሱፉ ተቀቅሎ፥ ተወቅጦ፥ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል ነጭ ሆኖ የሚወርደው ውኃ በመልኩ ወተት ይመስላል፤ ከባቄላ ዱቄት ጋር በስሎ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኵርት ሲብላላም ስልጆ ይሆናል። ገንፎውም መካከሉ በቅቤ ፈንታ በዘይትና በበርበሬ ቢሞላ፥ ቂንጬውም በዘይት ቢታሽ፥ የቤቱ ሰው ሁሉ ከአንድ ገበታ ሊበላ ይችላል። ልጁ ለብቻው ተለይቶ አለመብላቱ ለመንፈሱም ይጠቅመዋል።

ሆኖም ቤተ ሰቡ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፥ ቅቤ ስብ ብቻ ቢመስልም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ይኖርበታል፤ የተነጠረውም ቢሆን ፈጽሞ ንጹሕ ነው ተብሎ አይታመንም። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የሚሆን ድስት፥ ጭልፋና ማማሰያ ቅቤ ከነካው ዕቃ መለየት አለበት፤ በተለይ ሸክላ ድስት ቅቤ ይመጣልና ብቻውን ሊያዝ ይገባል። ሁለተኛ፥ የፍየልና የበግ ወተት በፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አብዛኛውን ጊዜ ምትክ አይሆንም። የግመል ወተት በፕሮቲኑ ይለያል፤ ቢሆንም ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጥም። ሦስተኛ፥ ልጁ ወተትን ሲተው ካልሲየሙን ከጤፍ፥ ከጐመንና ከሰሊጥ ሊያገኝ ይችላል፤ ቪታሚን ቢ12 ግን ከእህልና ከአትክልት አይገኝምና፥ ሥጋ፥ ዓሣና ዕንቍላል የሚስማሙት እንደ ሆነ እነዚህ አይጕደሉበት። ሰሊጥም ራሱ አንዳንድ ሰዎችን በአለርጂ እንደሚያሳምም መዘንጋት የለበትም።

ስለ ሕፃናት የሚባለው ከሁሉ ይበልጣል። የሱፍ ውኃ ወይም ከአጃ የተሠራ መጠጥ ለሕፃን ምግብ አይበቃም። እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚሻለው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ለአራስ ልጅ ቅቤ የማዋጡንም ልማድ ሐኪሞች ይከለክላሉ። ጡት ያልተገኘ እንደ ሆነ ፕሮቲኑ በፋብሪካ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ልዩ የሕፃናት ዱቄት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

«የጾም» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋስትና ይሰጣል?

አሁን ወደ ነጋዴው ጉዳይ እንመለስ። ከአገራችን የሚላኩት ሽሮ፥ በርበሬና እንጀራ በአሜሪካ፥ በኤውሮጳ፥ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ይደርሳሉ። ወተት የማይስማማው የውጭ አገር ሰውም «የጾም» ወይም ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሚል ጽሑፍ ሲያይ ለእኔ የተዘጋጀ ነው ብሎ ይገዛል። ነገር ግን «የጾም» ማለት አዘጋጁ ሆን ብሎ ወተትና ቅቤ አላገባበትም ማለት ነው። ለጾመኛው ኅሊና ይህ ይበቃዋል። የአለርጂ በሽተኛ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ በወፍጮው፥ በማሽኑና በከረጢቱ በኩል ሳይታወቅ የገባ ነገር አለመኖሩን ማወቅ ይፈልጋል።

የዚህን ልዩነት ክብደት በእንግሊዝ አገር የደረሰ አንድ አደጋ ያስረዳል። በ2017 የወተት አለርጂ እንዳለባት የምታውቅ አንዲት እናት ወተት የለበትም የተባለ የተጠቀለለ ምግብ ከሱቅ ገዝታ ከበላች በኋላ ሞተች። በ2022 በተፈጸመው የአሟሟት ምርመራ እንደ ተረጋገጠው፥ በምግቡ ውስጥ የነበረው ከኮኮናት የተሠራ እርጎ በወተት ፕሮቲን ተበክሎ ነበር። ብክለቱ የመጣው እርጎውን ለማወፈር ከገባው ስታርች ነው። ስታርቹን የሠራው ፋብሪካ በወተት የመነካካት ሥጋት እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ምግቡን እስከ ሸጠው ድርጅት አልደረሰም። ልብ ይባል፦ ስታርቹ ለጣዕም እንኳ የማይታወቅ ጥቂት ዱቄት ነበር። አንድ ወረቀት በመካከል መቅረቱ የሰው ሕይወት አስከፈለ።

በቸኮላታ ንግድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2015 ባስታወቀው ምርመራ ከ100 ጥቍር ቸኮላታዎች ወተት አለበት ብለው በመጠቅለያቸው የጻፉት 6 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት 94 ውስጥ 61ዱ ወተት ተገኘባቸው። ምክንያቱ ጥቍሩም ወተት ያለበትም ቸኮላታ በአንድ ማሽን መሠራቱ ነው።

ሕግ የሚጠይቀውና ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባው

በኤውሮጳ ኅብረት ከታኅሣሥ 13 ቀን 2014 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ወተትን ጨምሮ 14 የአለርጂ መነሻዎች በመጠቅለያው ላይ ካለው ዝርዝር ተለይተው በጕልህ እንዲጻፉ ያዝዛል። በአሜሪካ በ2004 የወጣውና ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ የጸናው ሕግ ስምንት ምግቦችን ዘርዝሯል፤ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ስለ ተጨመረ፥ ይህ የሰሊጥ ላኪዎቻችንንም በቀጥታ ይመለከታል። «የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን በሁለቱም ዘንድ በሕግ የታዘዘ አይደለም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው አለመጻፉ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ/ አስመጪው በዝርዝሩ ውስጥ ካዜን፥ ካዜኔት፥ ዌይ ማለትም አጓት፥ የቅቤ ዘይት ወይም የወተት ዱቄት የሚሉትን ስሞች መለየት ይልመድ። እነዚህ በብስኩት፥ በማርጋሪን፥ በቋሊማና በሾርባ ዱቄት ውስጥ ሳይቀር ይገኛሉ።

2ኛ/ «ላክቶስ የሌለበት» የተባለ ወተት ፕሮቲኑ በሙሉ አለበት። ይህን ዕቃ ለአለርጂ በሽተኛ፥ ይልቁንም ለሕፃን፥ ይሆናል ብሎ መሸጥ እጅግ አደገኛ ነው።

3ኛ/ ላኪው ሽሮውና በርበሬው በተፈጨበት ወፍጮ፥ እንጀራውም በተጋገረበት ስፍራ ሌላ ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብሎ ለደንበኛው ያስተላልፍ። «የጾም» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ «ወተት የለበትም» ብሎ መጻፍ ያለበት ግን የዕቃዎቹን መለያየትና መታጠብ ካረጋገጠና ምርቱን በላቦራቶሪ ካስመረመረ በኋላ ነው።

4ኛ/ ባለሱቁ ብስኩትና ዱቄት ከፋብሪካው መጠቅለያ አውጥቶ በችርቻሮ ሲሸጥ ዝርዝሩ የተጻፈበትን ወረቀት አይጣል። አንዲት እናት «ወተት አለበት ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፥ ሠራተኛው ወረቀቱን አሳይቶ ይመልስ፤ ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ «አላውቅም» ይበል። «አላውቅም» የተባለች እናት ሌላ ዕቃ ትፈልጋለች፤ በግምት «የለበትም» የተባለች እናት ግን ለልጅዋ ታቀምሰዋለች።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም እንዳለው አይካድም። ነገር ግን የጾም ምግባችን በባዕድ ገበያ ተፈላጊ የሚሆነው በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በታማኝነቱም ነው። አንድ ጊዜ ልጁ ሳይታመምበት የበላ ቤተ ሰብ ያንኑ ዕቃ ሳያቋርጥ ይገዛል፤ ለመሰሎቹም ይነግራል። እንግዲህ ነጋዴዎቻችን ሚዛናቸውን እንደሚያስተካክሉ ሁሉ በመጠቅለያው ላይ የሚጽፉትንም ቃል መዝነው ይጻፉ።