ልብ በቆመ ጊዜ ሰውነት የሚጠበቅበት ብልሃት

በአምደወርቅ የሚኖር አንድ ዘመዴ፥ ሴት ልጁ ጥቂት ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፥ ሌሊትም ተንጋላ መተኛት እያቃታት ስለ ተቸገረ፥ ወደ ሰቆጣ ከሰቆጣም ወደ አዲስ አበባ ይዞአት ሄደ። ሐኪሞቹም ቫልቭ የሚባለው የልብዋ በር ተጐድቷልና ልብዋን አቁመን መጠገን ያስፈልጋል ባሉት ጊዜ፥ ገድለው ሊያስነሡአት መስሎት ደንግጦ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። ልብ ከቆመ ሞት ነው ተብለን ያደግን ስለ ሆነ ሊፈረድበት አይገባም። የነገሩን አኳኋን ግን እንደርሱ ላሉ ወላጆች መግለጽ የተገባ ሆኖ ታየን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ይህ ሕመም በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመድኃኒት ሳይታከም ከቀረ የጕሮሮ ሕመም ነው። እንጥል ማስቈረጥ አያስቀረውም።

ቫልቭ ሲጠገን የሚቆመው ልብ ብቻ ነው እንጂ ደም አይቆምም። ደሙ በቧንቧ ወጥቶ የልብንና የሳንባን ሥራ ወደሚሠራ መኪና ይገባል፤ በዚያም ኦክሲጅን ተቀብሎ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ልቡንም ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሰጥተው ያስተኙታል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ወደ አንጐል በሚከፈልበት ስፍራ በታመመ ጊዜ ግን መኪናው ራሱ ይቆማል፤ ደምም በመላው ሰውነት ጸጥ ይላል።

አንጐል በተፈጥሮ ሙቀቱ ሳለ ደም ቢቋረጥበት ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይጐዳ አይቈይም። ስለዚህ አስቀድመው ሰውነቱን ያቀዘቅዙታል። ሴቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲዳፍኑት እንጨቱን ቀስ ብሎ እየበላ እስከ ንጋት እንደሚቈይ፥ የቀዘቀዘ አካልም የሚፈልገው ምግብና ኦክሲጅን ጥቂት ይሆናል። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በወረደ ቍጥር የአንጐል ፍጆታ ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት ያህል ይቀንሳል። ከ37 ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ ከወረደ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሊታገሥ ይችላል። ኵላሊትና ጕበት ከአንጐል ይልቅ ይታገሣሉ።

ይህን በውሾች ፈትኖ ያሳየው የካናዳው ሐኪም ዊልፍሬድ ቢግሎ ነበረ። ነሐሴ 27 ቀን 1944 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆን ሉዊስ አንዲትን የአምስት ዓመት ልጅ እስከ 28 ዲግሪ አቀዝቅዞ፥ በልብዋ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ሰፋ፤ ልጅቱም ዳነች። ሚያዝያ 28 ቀን 1945 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ጊቦን በፊላደልፊያ በመኪና የታገዘውን ሥራ ፈጸመ።

ብርዱ ግን ልክ አለው። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ከ1980 እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ፥ ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ተዛውረው የተወለዱ 171 ሕፃናት በዕጣ ተለዩ። የግማሾቹ ደም ፈጽሞ ቆመ፤ የቀሩት ግን ቀዝቃዛ ደም በመጠኑ ይፈስላቸው ነበር። በዓመታቸው ሲመረመሩ ደማቸው የቆመው በእጅና በእግር እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሐኪሞቹም በዚህ ሳያበቁ ልጆቹን እስከ ጕርምስና ድረስ እየተከታተሉ መረመሩአቸው፤ ይህ ትዕግሥት የሚደነቅ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው በተደረገው ምርመራ ጕዳቱ እየበረታ የሄደው ደሙ ከ41 ደቂቃ በላይ በቆመባቸው ላይ መሆኑ በ1996 ዓ.ም. ታተመ። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች የሥራውን ጊዜ ያሳጥራሉ፥ ወይም ሌላው አካል በቆመ ጊዜ ለአንጐል ብቻ በአንገት የደም ሥር በኩል ደም ይልካሉ።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፥ ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ማኅበር ድካም የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል። መጀመሪያ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ይሠሩ ነበር፤ በኋላ የአገራችን ሐኪሞች ሥራውን ተረከቡ። ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ግን ብዙ ነው።

ለዘመዴ ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጻፍሁለት። የልጁ ሥራ የቫልቭ ስለ ሆነ ደምዋ እንደማይቆም፥ ሐኪሙን የሚጠይቀውም ልብዋ ስንት ደቂቃ እንደሚቆምና ከዚያ በኋላ በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ በአምደወርቅ እንዴት እንደሚያገኝ መሆኑን ነገርሁት። እርሱም ጕዞውን ትቶ በአዲስ አበባ ቈየ፤ ልጅቱ ተራዋን ትጠብቃለች።