የውሻችሁ እግር ለምን ይንቀጠቀጣል?

ውሻችሁ አጠገባችሁ ሲጋደም እጃችሁን ወደ ጎኑ ላኩና ከጎድኑ በስተኋላ፣ ወደ ሽንጡ ጠጋ ብላችሁ እከኩለት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ የኋላ እግሩ ይነሣና አየሩን ቶሎ ቶሎ መምታት ይጀምራል። እጃችሁን ስታነሡ ይቆማል፤ ስትመልሱ ይቀጥላል።

አሁን ፊቱን ተመልከቱ። እግሩ ያን ያህል እየሠራ ፊቱ ላይ የጥረት ምልክት የለም። ወደ በሩ ያያል፣ ወይም ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይተኛል። እግሩን የሚያዝዘው አንጎሉ ስላልሆነ ነው። ትእዛዙ የሚወጣው በጀርባ አጥንቱ ውስጥ ካለው ህብለ ሰረሰር ነው። ቁንጫ ወይም መዥገር ቆዳውን ሲነካው መልእክቱ በነርቭ ወደዚያ ይሮጣል። ህብለ ሰረሰሩም፣ ጌታው እስኪነቁ ሳይጠብቅ በር ያንኳኳውን ራሱ እንደሚያስተናግድ ዘበኛ፣ ጉዳዩን እዚያው ይጨርሰዋል። ወሬው ለአንጎልም ይደርሳል፤ ፈቃዱ ግን አይጠየቅም።

ይህን አጥርቶ ያጠናው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ህብለ ሰረሰሩ ከአንጎሉ የተለየ ውሻ እንኳ ጎኑ ሲነካ ማከክ እንደሚጀምር አሳየ። ቁንጫዋን ለመተካት በጣም ቀጭን መርፌ ቆዳው ላይ ተክሎ ደካማ ኤሌክትሪክ ይሰድድባት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ቁንጫ ይላታል። ጥናቱ ለውሾቹ የከበደ ነበር፤ ስለ ነርቭ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ከእነሱ የተገኘ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሼሪንግተን በ1932 እ.ኤ.አ. ከኤድጋር አድሪያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

እናንተ መርፌ አያስፈልጋችሁም፤ ጣት ይበቃል። በአንድ ጣት ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ እግሩ ዘግይቶ ይነሣል፣ ወይም ጭራሽ አይነሣም። ጠንከር ስታደርጉት ቶሎ ይነሣል። አንዱ ጣት ብቻውን ካልበቃ ሁለተኛውን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ለየብቻ ያልበቁት ሁለት ነካኪዎች ተደምረው እግሩን ሊያስነሡት ይችላሉ። ህብለ ሰረሰሩ ይደምራል ማለት ነው።

ቀጥሎ በስልካችሁ በዝግታ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅረጹትና ምቱን ቁጠሩ። በሰከንድ ከአራት እስከ አምስት ጊዜ ገደማ ነው። አጥብቃችሁ ስታክኩት እግሩ በሰፊው ይወዛወዛል፤ የምቱ ፍጥነት ግን ብዙም አይለወጥም። ፍጥነቱን የሚወስነው የእናንተ እጅ ሳይሆን ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያለው የነርቭ ሰንሰለት ነው። እግሩን ያላነሣ ውሻም አትጠራጠሩት፤ ሁሉም እኩል አይነካውም።

ከዚህ ጨዋታ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ይህን መንቀጥቀጥ እናንተው ታስነሡታላችሁ፣ እናንተው ታቆሙታላችሁ። ሌላውንም መንቀጥቀጥ በዚሁ መለካት ይቻላል፤ ስትጠሩት፣ ስታሞቁት፣ ስታስተኙት ወይም ስታራምዱት ይቆማል? የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ይሰጣል። ምንም ብታደርጉለት የማይቆመው ግን ሐኪም ይፈልጋል።

እንቅልፍ ላይ ያለውን እንይ። ውሻ ከተኛ ሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ዓይኑ ከቆቡ ሥር ይንከራተታል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እግሮቹ የሚሮጥ ያህል ይፈራገጣሉ። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ከአንጎሉ ሥር ያለ አካል ጡንቻዎችን ዘግቶ ይይዛል። ያ ባይኖር ኖሮ ውሻው ተነሥቶ ይሮጥ ነበር። መዝጊያው በቡችሎችና በሽማግሌ ውሾች ላይ ላላ ስለሚል እነሱ ይበልጥ ይፈራገጣሉ። አትንኩት፤ የደነገጠ ውሻ ይነክሳል። ራቅ ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ቀና ብሎ ካያችሁና ጭራውን ከቆላ ሕልም ነበር።

ስሙን ስትጠሩት የማይሰማ፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ፣ አረፋ የደፈቀ፣ ሽንቱ ያመለጠው፣ ሲነቃም ግድግዳ የሚገጭ ከሆነ የሚጥል በሽታ ነው ብላችሁ ተነሡ። ሰዓት ያዙ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም በአንድ ቀን ከተደጋገመ አጣዳፊ ነው። አፉ ውስጥ እጅም ማንኪያም አታስገቡ። ለሰው እንደሚደረገው ክብሪት ማሽተትም ለውሻው አንዳች አይጠቅመውም። የሚገጨውን ዕቃ ከአጠገቡ አርቁለት፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ድምፅ አታብዙ።

የብርዱን ታውቁታላችሁ። ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ሙቀት ያመነጫል፤ የሐምሌ ዝናብ የመታው የግቢ ውሻ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በደረቅ ጨርቅ አብሱትና ጆንያ አንጥፉለት፤ ይተወዋል። ስትዳስሱት ሞቀኝ ብላችሁ ትኩሳት ነው አትበሉ፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ለእጃችሁ ሁልጊዜ ይሞቃል። ነጎድጓድና ርችት የሚያንቀጠቅጠውም ድምፁ ሲያልፍ ያልፍለታል።

ሽማግሌ ውሻ ቆሞ ሳለ የኋላ እግሮቹ ይርገፈገፋሉ፤ ሲተኛ ይተዋል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ውኃ የሞላ ጀበና ይዛችሁ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ጥቂት ቆይቶ ክንዳችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የደከመ ጡንቻ ክብደት ሲይዝ እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ «አርጅቷል» ብሎ መተው ቸኩሎ መፍረድ ነው፤ ከሥሩ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊኖር ይችላል፣ እሱም መድኃኒት አለው። የሚያንሸራትት ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ መጣል ብቻውን ብዙ ያሳርፈዋል።

እዚህ ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አንድ ፈተና ቤታችሁ ሞክሩ። ውሻው ቆሞ ሳለ ከሆዱ ሥር ደግፉት። አንዱን የኋላ መዳፍ ቀስ ብላችሁ አጥፉና ጀርባው ወለሉን እንዲነካ አድርጉ። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ገልብጦ ያስተካክለዋል፤ መዳፉ የት እንዳለ ሳያየው ያውቃልና። እንደታጠፈ ከተወው ወይም ከዘገየ መልእክቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ካመመው ግን አትሞክሩት።

አሁን ወደማያስተኛው እንሂድ። መጀመሪያ መርዝ። የአይጥና የተባይ መርዝ አደገኛነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ቡና ግን አይጠረጠርም። ጥሬውም፣ የተቆላውም፣ ግቢ የሚደፋው አተላም ካፌይን አለው፤ ትንሽ ውሻ በዛ አድርጎ ከበላው ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ቸኮላትም ያው ነው። ዛይሊቶል የተባለው ጣፋጭ የገባበት ማስቲካ ደግሞ የደሙን ስኳር በድንገት ያወርደዋል። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ጉሮሮ ውስጥ ወተት ወይም ዘይት በግድ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የበላውን ነገር መያዣ ይዛችሁ ሩጡ።

የምታጠባ እናት ስትንቀጠቀጥ ሰዓት አትፍጁ። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ካልሲየሟ ከወተቱ ጋር ይሄዳል፤ በተለይ ትንሽ ሆና ብዙ ቡችሎች ካሏት። መጀመሪያ ትቁነጠነጣለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ደርቆ ትራመዳለች፤ ከዚያ ሰውነቷ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቷም ይጨምራል። ቡችሎቹን ከጡቷ አንሡና ወደ ሐኪም ውሰዷት። በደም ሥሯ ቀስ ተብሎ የሚሰጣት ካልሲየም ዓይናችሁ እያየ ሊመልሳት ይችላል፤ ቤት ከቆየች ግን ልትሞት ትችላለች።

ቡችላ ብዙ ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ ከተንቀጠቀጠና ከተዝለፈለፈ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ድዱን ማር ቀቡትና ውሰዱት።

ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ሌላ ነው። ክትባት ያላገኘ ቡችላ ዓይኑና አፍንጫው ይመግላል፣ ያስለዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የተሻለው ይመስላል። ከሳምንታት በኋላ አንድ እግሩ ወይም መንጋጋው በእኩል ምት ነዘር ነዘር ማለት ይጀምራል። የሕልም መፈራገጥ ይጀምራል፣ ያቆማል፤ ይሄ ግን ተኝቶም አይተወውም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ ግን አለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ላይ ተጀምሮ አራት ወር እስኪሞላው ይደጋገማል።

የእብድ ውሻ በሽታንም ከአእምሯችሁ አታውጡ። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ የኋላ እግሩ የሚከዳው ውሻ ስታዩ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ አፉን አትክፈቱ። ሰው እንዲህ ሊረዳ ሲልም ሊያዝ ይችላል። ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ታጠቡ፤ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ሂዱ።

በቀረው ሁሉ ስልካችሁ ትልቅ ረዳት ነው። ውሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ መንቀጥቀጡን ሊተወው ይችላል፤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ይንቀጠቀጥና ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ቤት ሳላችሁ ቅረጹት። እግሩና ፊቱ አብረው ይግቡ፣ ስሙ ሲጠራ ምን እንደሚያደርግም ይታይ። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላና የመጨረሻ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ ወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ ያዙ።