የኤሌክትሪክ መኪና አላይመንት በግል ጋራዥ፦ ከአዲሰን እስከ አዲስ አበባ

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ካንዴላም ሆነ ማርሚታ የለውም። በዚህ ምክንያት በርካታ ባለቤቶች ከጋራዥ ጋር ለዘለቄታው የተሰነባበቱ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ መኪናው በአራት ጎማ እስከሄደ ድረስ የጎማዎቹ አሰላለፍ፣ በተለምዶ አላይመንት የሚባለው፣ በየጊዜው መለካትና መስተካከል ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ መኪና ክብደቱ ከፍተኛ በመሆኑና ጉልበቱን በቅጽበት ስለሚለቅ፣ የአሰላለፍ ጉድለት ጎማውን ከነዳጅ መኪና ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳዋል።

ባለቤቶቹን የሚያሳስበው ሥራውን ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ነው። የአምራቹ የአገልግሎት ማዕከል ሩቅ ሊሆን፣ ወረፋውም ሊረዝም ይችላል። በቅርብ የሚገኘውና የአምራቹ ውክልና የሌለው የግል ጋራዥ ደግሞ «የኤሌክትሪክ መኪና አንነካም» ብሎ ሊመልስ፣ ወይም የመኪናውን ጠባይ ሳያውቅ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። እውነታው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። አላይመንት የጂኦሜትሪ ሥራ እንጂ የኤሌክትሪክ ሥራ አይደለም፤ ተገቢው መሣሪያና መረጃ ያለው ጋራዥ ሁሉ በጥራት ሊሠራው ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከልኬቱ በፊትና በኋላ በሚወሰዱ ጥቂት ጥንቃቄዎች ላይ ነው።

መርማሪ ያጣው ጎማ

ጉዳዩ ለቴክሳስ ነዋሪዎች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተጨማሪ ክብደት አግኝቷል። ከዳላስ በስተሰሜን የምትገኘውን አዲሰንን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከተማዋ የምትሸፍነው 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 16,661 ነበር። ሆኖም የዳላስ ኖርዝ ቶልዌይ የክፍያ መንገድ ሰንጥቋት ያልፋል፤ በቤልት ላይን መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ምግብ ቤቶቿም ከአካባቢው ሁሉ ሰው ይስባሉ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እንደ ሌላው ነዋሪ ኑሯቸው ከመኪና የተቆራኘ ነው። ከእነርሱም መካከል በኡበርና በሊፍት ተሳፋሪ እያመላለሱ የሚተዳደሩ አሉ።

ቴክሳስ ለንግድ ላልተመዘገቡ መኪኖች ታደርገው የነበረውን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አስቀርታለች። አዲሰን በምትገኝበት በዳላስ ካውንቲ የጭስ ምርመራው ቢቀጥልም፣ ጭስ የሌለውን የኤሌክትሪክ መኪና አይመለከትም። የቀድሞው ምርመራ አላይመንትን ባይለካም ጥርሱ ያለቀ ጎማን ያስቆም ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ምዝገባውን ሲያድስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የተጣለበትን ተጨማሪ 200 ዶላር በየዓመቱ ይከፍላል፤ ጎማውን በሕግ ተገድዶ የሚያይለት ግን የለም። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ወድቋል።

ሦስቱ ማዕዘኖች

አላይመንት ሲባል በዋነኛነት ሦስት ማዕዘኖች ይለካሉ። ካምበር የሚባለው ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። ካስተር መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ያለውን ዝንባሌ ያመለክታል፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ የሚያግዘውም እሱ ነው። ሦስተኛው ቶ ይባላል። ሰው ቆሞ ቁልቁል እግሩን ሲያይ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞረው እንደሚታዩት ሁሉ፣ ጎማዎችም ከላይ ሲታዩ የፊት ጫፋቸው ሊቀራረብ ወይም ሊራራቅ ይችላል።

ከሦስቱ ጎማን በፍጥነት የሚጨርሰው የቶ ጉድለት ነው። ቀላል ስሌት ምክንያቱን ያሳያል። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በ0.2 ዲግሪ ቢዛነፍ፣ ዲያሜትሩ 65 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ በፊትና በኋላ ጫፉ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ በዓይን አይለይም። ነገር ግን ይህ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቁጥር 3.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጎማው የተወሰነውን በመለጠጥ ቢቋቋመውም፣ ቀሪው በአስፋልት ላይ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ለዚህ ፍትጊያ የሚውለው ጉልበት የሚመጣው ከባትሪው ስለሆነ፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀትም ያጥራል።

ክብደት፣ ጉልበትና ዋልካ አፈር

የኤሌክትሪክ መኪናን ችግር የሚያባብሰው አንደኛው ምክንያት ክብደቱ ነው። በነዳጅም በባትሪም የሚመረተው ሂዩንዳይ ኮና ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ትልቁን ባትሪ የያዘው ከነዳጁ ወደ 300 ኪሎ ግራም ይከብዳል። ሁለተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ገና ከመነሻው የሚለቅ መሆኑ ነው። በተጨማሪም እግር ከመስጫው ሲነሣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እያዘገየ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ ጎማው ሲነሣም ሲቆምም ይጎተታል። በካምበር ወደ ውስጥ ያዘነበለና በቶ የተዛነፈ ጎማ የውስጥ ጠርዙን ቀድሞ ይጨርሳል፤ ይህ ጠርዝ ደግሞ ቆሞ ለሚመለከት ሰው አይታይም።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። በሰሜን ቴክሳስ ሰፊ ቦታ የሸፈነው ጥቁር ሸክላማ አፈር ኢትዮጵያውያን ዋልካ ወይም መረሬ ከሚሉት የአፈር ዓይነት ጋር ይመደባል። ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የተነጠፈው መንገድ አብሮ እየተነሣና እየሰመጠ ስለሚሰባበር፣ ጎማን ከጉድጓድ ጋር ማጋጨት የዘወትር ገጠመኝ ይሆናል። አንድ ከባድ ምት አላይመንትን ለማዛነፍ ይበቃል።

ጋራዡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚተላለፈው ብርቱካናማ ቀለም ባላቸው ገመዶች ነው። የአላይመንት ሥራ እነዚህን ገመዶች አይነካም፤ የሚፈታውና የሚያጠብቀው የእገዳውንና የመሪውን ዘንጎች ብሎኖች ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ፍርሃት ብቻ ሥራውን አለመቀበል መሠረት የለውም። ጥንቃቄ የሚያሻው በሌሎች አራት ነጥቦች ነው።

የመጀመሪያው አነሣሡ ነው። የባትሪው ጥቅል የመኪናውን ወለል ከሥር ስለሚሸፍን፣ ክሪክ ወይም ሊፍት በዘፈቀደ ከተደገፈበት ውድ የሆነውን አካል ሊጎዳ ይችላል። አምራቾች ለማንሻ የፈቀዷቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ እንደ ቴስላ ባሉ መኪኖች ላይም በእነዚህ ቦታዎች የሚገባ ድጋፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቁመት ነው። በአየር ግፊት የሚቆም እገዳ ያላቸው ሞዴሎች እንደ ሁኔታው ዝቅና ከፍ ይላሉ። ቁመቱ ሲለወጥ ካምበርና ቶ አብረው ስለሚለወጡ፣ መኪናው አምራቹ በወሰነው ቁመት ላይ ሳይቆም የተወሰደ ልኬት ዋጋ የለውም። የጎማ ንፋስም አስቀድሞ በበሩ ፍሬም ላይ በተጻፈው መጠን መሞላት አለበት፤ ለምሳሌ በበርካታ የቴስላ ሞዴል 3 መኪኖች ላይ የተጻፈው 42 ፒኤስአይ ነው።

ሦስተኛው የመኪናው ኮምፒዩተር ጠባይ ነው። ዘመናዊ የአላይመንት ማሽኖች በቸርኬው ላይ የሚታሰሩትን ምልክቶች በካሜራ ሲያነቡ መኪናው ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ እንዲንከባለል ይፈልጋሉ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ሹፌሩ ከወንበሩ ሲነሣ በራሳቸው ወደ ፓርክ ይገባሉ። መካኒኩ መኪናው በዜሮ ማርሽ እንዲቆይ የሚያደርገውን የመጎተቻ ሁነታ ከስክሪኑ ላይ አውቆ መክፈት ይኖርበታል። ይህን የማያውቅ ጋራዥ የተቆለፈ ጎማ እየገፋ ሲታገል ጊዜውን ይጨርሳል።

አራተኛው ከልኬቱ በኋላ የሚመጣ ነው። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ያስተካክላል፤ ምክንያቱም መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚወስኑት የኋላ ጎማዎች ናቸው። የኋላው ተዛንፎ የፊቱ ብቻ ቢስተካከል፣ ሹፌሩ መሪውን ጠምዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የመሪው ማዕዘን ዳሳሽ ዜሮውን እንደ አዲስ እንዲያውቅ ማድረግ፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም የአሽከርካሪ አጋዥ ካሜራዎችንና ራዳሮችን ማስተካከል ያስፈልጋል። መሪው ቀጥ ባለበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ ተጠምዟል ብሎ ካመነ፣ መኪናውን በመሥመሩ ውስጥ የሚያቆየው ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ይሠራል።

እነዚህ መረጃዎች ምሥጢር አይደሉም። ቴስላ የጥገና መመሪያዎቹን በድረ ገጹ ለሕዝብ በነፃ ከፍቷል፤ ሌሎች አምራቾችም በክፍያ ያቀርባሉ። በመሆኑም የጋራዡ ብቃት የሚለካው መመሪያውን አንብቦ በመሥራቱ ነው።

ስለ ዋስትና የሚነሣው ሥጋት

ብዙዎች ወደ ግል ጋራዥ ከመሄድ የሚቆጠቡት የአምራቹ ዋስትና ይሰረዛል ብለው ስለሚሠጉ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ የዋስትና ሕግ ግን አምራቹ ጥገናው በሌላ ቦታ ስለተሠራ ብቻ ዋስትናውን እንዲነፍግ አይፈቅድም። ጋራዡ በሠራው ስህተት ለደረሰ ጉዳት ግን አምራቹ አይጠየቅም። ደረሰኝና የልኬት ወረቀት መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ያገለገሉ መኪኖችን ለሚገዙም ይሠራል። የመኪና አከራዩ ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ወደ 20,000 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለመሸጥ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ብዙ ተነድተው የቆዩ መኪኖች ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ከአላይመንቱ በፊት የእገዳውን መጋጠሚያዎችና ጎሚኒ የሚባሉትን ጎማማ ክፍሎች ማስፈተሽ ይገባዋል። መጋጠሚያው ከላላ ዛሬ የተስተካከለው ማዕዘን ነገ ይዛነፋል።

ባለቤቱ ራሱ ምን ማየት ይችላል?

የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዝ መሪውን እስከ መጨረሻው በማዞር ይታያል፤ የኋላውን ለማየት ጎንበስ ብሎ በባትሪ መብራት መመልከት ያሻል። ክሩ ያልወጣ ጎማ ላይ መዳፍን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ሆኖ ከተሰማ ቶው ተዛንፏል። በፍጥነት ሲነዳ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ የባላንስ ነው፤ አላይመንት አያድነውም። ቴስላ ጎማዎች በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቦታ እንዲለዋወጡ ይመክራል፤ ያ ቀን ለዚህ ፍተሻ ምቹ አጋጣሚ ነው።

ወደ ጋራዥ ሲደወል ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ማሽኑ የዚህን ሞዴልና ዓመት ልኬት ይዟል ወይ? መኪናው የሚነሣው ከየት ነው? የመሪው ዳሳሽ ከሥራው በኋላ ይስተካከላል ወይ? ከሁሉም በላይ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበሩትን ቁጥሮች የያዘ ወረቀት ይሰጣል ወይ? በበርካታ መኪኖች ላይ የፊቱ ካምበርና ካስተር በፋብሪካው እንደተገጠመ የሚቀር እንጂ በብሎን የሚስተካከል አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር በቀይ ቢቀር፣ ሐቀኛ ባለሙያ ምክንያቱን ያስረዳል።

አዲስ አበባ ላይ

በአዲሰን የግል ጋራዥ ከአማራጮች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ግን ለብዙዎች ያለው አማራጭ እሱ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። በከተማዋ የሚታዩት እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች በብዛት የገቡት በግል አስመጪዎች አማካይነት ነው። የአላይመንት ማሽኑ ሞዴሉን ካላወቀው፣ በመልክ የሚመሳሰለውን የሌላ መኪና ቁጥር መጠቀም ጎማውን ሆን ብሎ ከማዛነፍ አይለይም። የከተማዋ ጎሚስታዎችና መካኒኮች ለሚመጡት ዓመታት የሚያስፈልጋቸው ከአዳዲስ ማሽኖች ቀድሞ የየሞዴሉ ትክክለኛ ቁጥርና የማንሻ ቦታዎች ዝርዝር ነው። ይህንን በቻይንኛ ከተጻፈው መመሪያ ወደ አማርኛ መልሶ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ጎማና ባትሪ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።