በሞቃት አገር በረዶ ሲጥል

በእኛ አገር በረዶ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ የቤት ክዳን የሚደበድበው፣ ሰብል የሚያረግፈው ጠጣሩ በረዶ ነው። እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውን፣ መሬቱን ነጭ የሚያለብሰውን ለስላሳ በረዶ ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። እንደ ራስ ዳሽን ባሉት ረጃጅም ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ ወደ መንደራችን አይመጣም። በዚህ ጽሑፍ በረዶ የምንለው ይህንኑ ለስላሳውን ነው።

እንደ ካናዳ ባሉ አገሮች በረዶ በየዓመቱ ይመጣል። ለእነርሱ እንደ እኛ የሐምሌ ዝናብ ነው፤ መምጣቱን ያውቃሉ፣ ተዘጋጅተውም ይጠብቁታል። የውሃ ቧንቧቸውን ቅዝቃዜ እማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ቆፍረው ይቀብራሉ። የቤታቸው ግድግዳ ሙቀት እንዳያስወጣ ተደርጎ ይሠራል። በረዶ የሚጠርጉ መኪናዎች አሏቸው። በመንገድም ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው የገባበት ውሃ ቶሎ አይረጋምና።

ታዲያ በረዶ በብዙ ዓመት አንዴ ብቻ የሚጎበኘው ሕዝብ ምን ያደርጋል? ለአንድ ቀን ብሎ ያንን ሁሉ መሣሪያ መግዛት ይከብደዋል። ቢገዛውም ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ይዝጋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕዝብ በምን እንደሚጎዳና በምን እንደሚድን፣ ከደቡባዊው የዩናይትድ ስቴትስ ክፍል ሁለት ታሪኮችን ወስደን እንመልከት። አካባቢው ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎች የሚኖሩበት ነው።

የአትላንታ ከተማ

አትላንታ ጆርጂያ የሚባለው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014) በቀትር ገደማ በረዶ ይጥል ጀመር። በከተማው የወረደው በረዶ ከፍታው ሰባት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በረዶ በለመደ አገር ይህ ሥራ አያስፈታም። አትላንታን ግን ቀጥ አደረጋት።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ዋናው ችግር የበረዶው ብዛት ሳይሆን፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ መውጣቱ ነው። በረዶው ሲጀምር መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን፣ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን በአንድ ጊዜ አሰናበቱ። መንገዱ በመኪና ታጨቀ። ጎማ የረገጠው በረዶ ቀልጦ መልሶ ሲረጋ፣ መንገዱ እንደ መስታወት አንሸራታች ሆነ። ጨውና አሸዋ የሚበትኑት መኪናዎችም በሰልፉ መካከል ተይዘው ማለፊያ አጡ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ አደረ። ብዙ ልጆችም ወላጆቻቸው ሊደርሱላቸው ስላልቻሉ በትምህርት ቤታቸው አደሩ።

የሰው ደግነት የታየውም በዚያው ሌሊት ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ውሃና ምግብ ይዘው በእግራቸው እየወጡ፣ ለማያውቁት መንገደኛ አደሉ። አንዳንድ ሱቆችም በራቸውን ከፍተው ሰው አሳደሩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሌላ በረዶና ውርጭ መጣ። አሁን ግን ባለሥልጣኖቹ አስቀድመው አስጠነቀቁ፤ ትምህርት ቤቶች ቀደም ብለው ተዘጉ፤ ሕዝቡም ከቤቱ አልወጣም። መብራት የጠፋበት ቤት ብዙ ቢሆንም፣ መንገዱ ጭር ብሎ ዋለ። ከተማዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ከተማ አልሆነችም። የተለወጠው ውሳኔው የመጣበት ሰዓት ነው።

የቴክሳስ ጨለማ

ሁለተኛው ታሪክ እጅግ የከፋ ነው። ቴክሳስ ሙቀቱ የታወቀ አገር ነው። ብዙዎቹ ቤቶች የተሠሩት ሙቀትን እንጂ ብርድን አስበው አይደለም። የውሃ ቧንቧ በጣሪያው ሥር ወይም በውጭው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021) ኃይለኛ ብርድና በረዶ በላዩ ላይ ወረደበት። በዳላስ ከተማ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደረሰ።

ሰው ሁሉ ማሞቂያውን ስለ ከፈተ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በጣም ጨመረ። በዚያው ሰዓት ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣባቸው ጉድጓዶችና የሚተላለፍባቸው ቧንቧዎች በብርድ ተያዙ። በጋዝም፣ በድንጋይ ከሰልም፣ በነፋስም ከሚሠሩት የኃይል ማመንጫዎች ብዙዎቹ ቆሙ። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መስመር አብዛኛው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የተለየ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤት ብዙ ኃይል ማግኘት አልተቻለም። የካቲት 8 ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ መስመሩን የሚቆጣጠሩት ሰዎች መብራት እንዲቆረጥ አዘዙ። መላው መስመር ሊወድቅ የቀረው ጊዜ ከ5 ደቂቃ ያነሰ ነበር። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች በዚያ ብርድ መብራት አጡ፤ ብዙዎቹም ለቀናት በጨለማ ቆዩ።

ከመብራቱ ቀጥሎ ውሃው ተበላሸ። ውሃ ሲረጋ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል። በቧንቧ ውስጥ ሲረጋ መሄጃ ያጣና ቧንቧውን ይሰነጥቃል። ጉዳቱ የሚታየው ግን በረዶው ሲቀልጥ፣ ውሃው ከጣሪያና ከግድግዳ ሲንዶለዶል ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው። አንዳንዱም በረዶ ከደጁ እየዛቀ፣ እያቀለጠ ለመጸዳጃ ቤት አዋለው።

የክፍለ ሀገሩ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ ቆጠረው 246 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ 161ዱን የገደላቸው ብርዱ ነው። 22ቱ በመኪና አደጋ፣ 10ሩ በእሳት ቃጠሎ አልቀዋል። 19ኙ ደግሞ ለመሞቅ ሲሉ ባነደዱት ነገር ጭስ ታፍነው ነው የሞቱት። አንዱ ከሰል በቤቱ ውስጥ አያያዘ፤ ሌላው መኪናውን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ተኛ። በዚህ ሁኔታ ካለቁት መካከል ከአገራችን ሄደው በዚያ ይኖሩ የነበሩ ወገኖችም ነበሩ።

ይህ ጭስ እኛም ዘንድ ያለ ነው። ከሰል ሲነድ፣ መኪናም ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም አየር ይወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ አይሸትም። ስንተነፍሰው በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። በደጋ አገር ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አግብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። የቴክሳሱ ሰውና የእኛ ደገኛ በዚህ አንድ ናቸው፤ ብርዱን ሲሸሹ ጭሱ ያገኛቸዋል።

የተረሳው ማስጠንቀቂያ

የቴክሳስን ታሪክ ይበልጥ የሚያሳዝነው አስቀድሞ መነገሩ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) እዚያው ብርድ መጥቶ፣ መብራት ተቆርጦ ነበር። ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች የኃይል ማመንጫዎቹና የጋዝ ቧንቧዎቹ ከብርድ መከላከያ እንዲደረግላቸው ጽፈው መከሩ። ብርዱ ሲያልፍ ግን ምክሩ በሚገባ አልተሠራበትም። ማመንጫዎቹ ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው ከ2013ቱ እልቂት በኋላ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለም!

ብርቅ አደጋ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ራሱ ያስታውሰናል። በአሥር ዓመት አንዴ የሚመጣውን ግን እኛ ካላስታወስነው የሚያስታውሰን የለም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች አሉ። እነዚህም፦

1ኛ/ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ሳይዘገዩ ወደ ቤት መግባት፤ ምግብና የሚጠጣ ውሃ ማስቀመጥ።

2ኛ/ የውሃ ቧንቧን በጨርቅ መጠቅለል፤ በብርድ ሌሊት ቧንቧውን በጥቂቱ ከፍቶ ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል መተው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋም።

3ኛ/ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ክፍል መሰብሰብ፤ የበሩን ሥር በጨርቅ መወተፍ፤ አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ ከመልበስ ይልቅ ልብስ በልብስ ላይ መደራረብ።

4ኛ/ ከሰል በቤት ውስጥ አለማንደድ፤ መኪናንም በተዘጋ ቤት ውስጥ አለማስነሳት።

5ኛ/ ጎረቤትን፣ ይልቁንም ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ሄዶ ማየት።

ለእኛ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበን አራተኛው ነው። በረዶ ደጃችን እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ዛሬ ማታም ይሠራልና። ስለዚህ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ እናውጣ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችንም ይህን እንንገረው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአትላንታ የመጀመሪያው በረዶ ከሁለተኛው ይልቅ ሰውን በመንገድ ላይ ያስቀረው ለምንድን ነው?

2. ውሃ ሲረጋ ቧንቧ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

3. በአካባቢያችሁ በብዙ ዓመት አንዴ የሚደርስ አደጋ የትኛው ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁና ጻፉ።