ያለ ጠመንጃ ለተገኘ ነፃነት ምን ዓይነት መታሰቢያ?

በጦርነት የተገኘን ነፃነት በሐውልት መዘከር ቀራጺን ብዙም አያስቸግርም። ፈረሱ፣ ጎራዴው፣ የጦር መሪው፣ ያልታወቀው ወታደር መቃብር፣ ሁሉም አላፊ አግዳሚው በአንድ እይታ የሚረዳቸው የኖሩ ምልክቶች ናቸው። ሰላማዊ የነፃነት ንቅናቄ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ጀግናው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ መራመድ፣ መዘመር፣ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ ሲያበቃ ዱካ የማይተው ተራ ድርጊት ነው። በባልቲክ አገሮችና በሕንድ የቆሙትን መታሰቢያዎች ጎን ለጎን ላስተዋለ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ይበልጥ የተሳካላቸው፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ የጠበቁና ጎብኚው ያንኑ ድርጊት በገዛ አካሉ እንዲደግመው መንገድ የከፈቱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1989 ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢስቶኒያውያን፣ ላትቪያውያንና ሊቱዌኒያውያን ከታሊን ተነስቶ በሪጋ በኩል ቪልኒየስ በሚደርሰው፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በማያንሰው መንገድ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ቀኑ ናዚ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ምሥራቅ አውሮፓን በምስጢር የተከፋፈሉበት ውል 50ኛ ዓመት ነበር። ይህን ሰንሰለት ለማስታወስ በሦስቱ ዋና ከተሞች የተቀመጠው ምልክት ከመሬት ከፍ አይልም፤ በድንጋይ ላይ የታተመ የእግር ዱካ ነው። ጫማውን በዱካው ላይ ያሳረፈ ሰው፣ ያን ዕለት አንድ ሰው የቆመበትን ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቪልኒየስ የቆመው የታዳስ ጉታውስካስ ሥራ ደግሞ ረጅም የጡብ ግንብ ሲሆን፣ በጡቦቹ ላይ የሰዎች ስም ሰፍሯል። ሁለቱም ብዛትን ያከበሩ ሥራዎች ናቸው።

ሕንድ ውስጥ ፈተናው ይበረታል፤ እዚያ መልኩን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መሪ አለና። ጋንዲ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1930 የቅኝ ገዢውን የጨው ግብር በመቃወም ከሳባርማቲ ተነስቶ ወደ 385 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጓዘ፤ ኤፕሪል 6 ቀን ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ጨው አነሳ። «ሕዝብ የሚያስታውሰው ፊት ነው፤ ብዛት አይታወስም» የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመዝናል። ፊት የሌለው መታሰቢያ ስሜት ሊነፍገን እንደሚችልም አይካድም። መፍትሔው ግን መሪውን ከተከታዮቹ አለመነጠል ነው። በኒው ዴልሂ የሚገኘው የዴቪ ፕራሳድ ሮይ ቾውዱሪ ሥራ ጋንዲን ከ10 ተከታዮቹ ጋር ሲራመድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዳንዲ የተመረቀው ብሔራዊ መታሰቢያ ከዚህም ይሻገራል፤ የ80 ተጓዦች ሐውልት ቆሞበታል፤ ጎብኚውም ጨዋማ ውኃ አትንኖ በእጁ ጨው ያወጣል። በቅኝ ገዢው ሕግ ወንጀል የነበረው ነገር ምን ያህል ተራ እንደነበር ከዚያች ቁንጥር ጨው የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ሌላው ብርቱ ተቃውሞ፣ ሰላማዊ ትግልን የሚያወድስ መታሰቢያ የፈሰሰውን ደም ያስረሳል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሰላማዊ የነበረው ሰልፈኛው እንጂ ተኳሹ አልነበረምና። በሕንድ አምሪትሳር ከተማ ያለው የጃሊያንዋላ ባግ ግቢ ለዚህ ትምህርትም ማስጠንቀቂያም ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1919 በብሪታኒያው ጄኔራል ዳየር ትእዛዝ መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ 1,650 ጥይት ተተኮሰ፤ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ 379 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው መታሰቢያ የነበልባል ቅርጽ ያለው ዓምድ አለው። የጎብኚን ልብ የሚነካው ግን ጥይት የበሳው ግድግዳ፣ ሰዎች ለማምለጥ የዘለሉበት የውኃ ጉድጓድና ወታደሮቹ የገቡበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እድሳት የመተላለፊያው ግድግዳ በቅርጻ ቅርጽ ሲሸፈን የታሪክ ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ ልክም ነበሩ። የዚያ መተላለፊያ አስፈሪነት ከባዶነቱ ይመነጭ ነበር። ቪልኒየስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 የሶቪየት ጦር የቴሌቪዥን ማማውን ሲይዝ የተገደሉባትን ሰዎች ስም በማማው አካባቢ ላሉ መንገዶች ሰጥታለች፤ ሟቾቹ በነዋሪው አድራሻ በየቀኑ ይጠራሉ። በአዲስ አበባም የጋንዲ ስም በየቀኑ የሚነሳው እናቶች በሚወልዱበት መታሰቢያ ሆስፒታል ነው።

መሬት ላይ የተነጠፈ ምልክት ሳይታይ ይረገጣል፣ ረጅም ሐውልት ግን ከሩቅ ይጣራል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 በሪጋ የቆመው 42 ሜትር የነፃነት ሐውልት ጥሩ ማስረጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1987 ሄልሲንኪ 86 የተባለው ቡድን የሶቪየት መንግሥት ያጋዛቸውን ለማሰብ አበባ ያኖረው እሱ ሥር ነው። ሆኖም ቁመቱ ብቻውን ይህን ባላደረገ ነበር፤ ሐውልቱ በከተማዋ መሐል፣ ሕዝብ ተሰብስቦ አበባ በሚያኖርበት ስፍራ በመቆሙ ነው የንቅናቄው መገናኛ የሆነው። ከፍታ ነውር አይደለም፤ ከሥሩ ለሰው ቦታ ከተረፈ።

እንግዲህ መታሰቢያ ለማሠራት ያሰበ ከተማ ወይም ኮሚቴ፣ ቀራጺ ከመምረጡ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ድርጊቱ የተፈጸመው የት ነው? ሕዝቡ በእጁና በእግሩ ያደረገው ምንድን ነው? ነገ አቤቱታ ያለው ዜጋ እዚህ መሰብሰብ ይችላል? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሰላማዊ ሰልፈኛ የሚባረርበት አደባባይ፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት፣ የሰላማዊ ትግል መታሰቢያ ሊባል አይገባውም።