ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ እስከ ሕክምና መጽሔት፦ የጥናት ጽሑፍ አዘገጃጀትና አቀራረብ

አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የመጣችበት ቀበሌ፣ የምጡ ሁኔታና የወሊዱ ውጤት በማዋለጃ ክፍል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዓመቱ ሲያልቅ ጥቂት አኃዞች ለወረዳና ለዞን ሪፖርት ይወሰዱና መዝገቡ ወደ መደርደሪያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ዕውቀት አብሮት ይከደናል። በብዙ የሀገራችን ጤና ተቋማት በየመደርደሪያው የተከመሩት መዝገቦች ለሌላ ሐኪም፣ ለሌላ አዋላጅ ነርስና ለሌላ እናት ሊጠቅም የሚችል ትምህርት እንደያዙ አቧራ ይለብሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መዝገብ በምን መንገድ የጥናት ጽሑፍ ሆኖ ለሕክምና ምርምር መጽሔት ሊቀርብ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

የአጣጥ ሆስፒታል ምሳሌ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጉራጌ ዞን ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ በግቢው ውስጥ አዘጋጀ። የዚህን ማቆያ አገልግሎት የሚመለከት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ጤና ድርጅት ያሳትመው በነበረው ወርልድ ሄልዝ ፎረም በተባለ መጽሔት ወጣ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ከ1987 እስከ 2008 ያሉትን የ22 ዓመታት መዝገቦች የመረመረ ሁለተኛ ጽሑፍ በእንግሊዝ በሚታተመው የጽንስና የማሕፀን ሕክምና መጽሔት፣ በቢ.ጄ.ኦ.ጂ.፣ ታተመ።

ሁለተኛው ጽሑፍ 24,148 ወሊዶችን አካቷል። ከእነዚህ ውስጥ 6,805 እናቶች በማቆያው በኩል፣ 17,343 ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የገቡ ነበሩ። የእናቶች ሞት በማቆያው በኩል ከገቡት መካከል በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 89.9፣ በቀጥታ ከገቡት መካከል 1,333.1 ሆኖ ተገኘ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ቁጥርም ከ1,000 ወሊዶች እንደየቅደም ተከተሉ 17.6 እና 191.2 ነበር። ይህ ሁሉ የተገኘው ውድ ከሆነ መሣሪያ ሳይሆን በጥንቃቄ ከተያዘ መዝገብ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ጥያቄውን አስቀድሞ መለየት

የጥናት ጽሑፍ ዝግጅት የሚጀምረው ብዕር ከማንሳት በፊት ነው። “በሆስፒታላችን ያለው የወሊድ አገልግሎት” የሚል ርእስ ጥያቄ አይደለም። “በማቆያ የሰነበቱ እናቶች የወሊድ ውጤት በቀጥታ ከገቡት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?” የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸርና ምን እንደሚለካ ያመለክታልና። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ካልቻለ ጽሑፉም መልክ ሊይዝ አይችልም። በጉዳዩ ላይ ቀደም ሲል የተጻፈውን መመልከትም የዚሁ ምዕራፍ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ የተሰኘው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ ሀገሮች ለሚገኙ ተቋማት በክፍያ የሚነበቡ መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባል።

አካፋዩን ማወቅ

አርታኢዎችና ገምጋሚዎች በቅድሚያ ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ የስሌቱ አካፋይ ነው። የእናቶች ሞት የሚሰላው በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ቁጥር ነው። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት በቀጥታ ከገቡት መካከል ከ1,000 ወሊዶች 191 ያህሉ ሞተው የተወለዱ በመሆናቸው፣ አካፋዩ ሁሉም ወሊዶች ቢሆኑ ኖሮ 1,333 የነበረው ወደ 1,078 ገደማ ዝቅ ይል ነበር። የሞቱት እናቶች ቁጥር ሳይለወጥ አኃዙ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ሥር አካፋዩ ምን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከዚህም ሌላ የሆስፒታል አኃዝ የሕዝብ አኃዝ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወደ ሆስፒታል ሳይደርሱ በቤታቸው የሚወልዱና የሚሞቱ እናቶች በመዝገቡ ውስጥ የሉም። የሕዝብን አካፋይ ለማግኘት በቡታጅራ የተሠራው ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ነዋሪዎችን ቤት ለቤት ቆጥሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ተከታትሏል። የሁለቱ ሥፍራዎች መረጃ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር

ለውጭ አንባቢ በሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ በሀገራችን ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። መዝገቦቻችን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሞሉ ሲሆኑ መጽሔቶቹ የሚጠይቁት የጎርጎርዮሳውያኑን ነው። ልዩነቱ በሁሉም ቦታ 8 ዓመት እንደሆነ አድርጎ መቀነስ ወይም መደመር ስሕተት ያስከትላል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ቀን ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። አንድ የበጀት ወይም የመዝገብ ዓመትም በሁለት የጎርጎርዮሳውያን ዓመታት ላይ ይወድቃል።

የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በመዝገቡ ላይ “ሌሊት 7 ሰዓት” የተባለው በውጭ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ ይህን ሰዓት በዋዜማው ቀን፣ ሌላው በማግሥቱ ቀን ይጽፈዋል። እናቲቱ ከገባችበት እስከ ወለደችበት ያለውን ጊዜ ለማስላት የሚሞክር ተመራማሪ ይህን ልዩነት ካላስተካከለ የ3 ሰዓት ቆይታ የ27 ሰዓት ሊሆንበት ይችላል። በመሆኑም ልወጣው የተደረገበት ሥርዓት በጥናት ዘዴው ክፍል ሊገለጽ ይገባል።

የጽሑፉ አካላት

እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ቫንኩቨር የተሰበሰቡ የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች የጋራ የጽሑፍ አቀራረብ መመሪያ አዘጋጅተው በ1979 አወጡ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ኮሚቴ የሚባለው ከዚያ ስብሰባ የበቀለ ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት የጥናት ጽሑፍ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም መግቢያ፣ የጥናት ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት ናቸው። መግቢያው ጥናቱ ለምን እንደተደረገ፣ ዘዴው እንዴት እንደተሠራ፣ ውጤቱ ምን እንደተገኘ፣ ውይይቱ ደግሞ የተገኘው ምን ትርጉም እንዳለው ይናገራል። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዦቹን አስቀድመው ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ዘዴውንና ውጤቱን፣ ከዚያም ውይይቱንና መግቢያውን ይጽፋሉ። አኅጽሮቱ ከሁሉ በኋላ ይጻፋል፤ ሆኖም ብዙው አንባቢ ከእርሱ ሌላ ስለማያነብ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በመዝገብ ላይ ለተመሠረቱ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስትሮብ፣ በ2015 የተጨመረውም ሬኮርድ የተሰኙት የማረጋገጫ ዝርዝሮች ጠቃሚ ናቸው። ስንት ካርዶች እንደጠፉ፣ ስንቱ ያልተሟሉ እንደነበሩና ምን እንደተደረገባቸው መግለጽ ለጽሑፉ ተአማኒነት ይሰጠዋል። የጎደለውን የሚደብቅ ጽሑፍ በገምጋሚ ፊት ብዙ አይቆይም።

ውጤቱ ከሚፈቅደው በላይ አለመናገር

ከፍ ሲል የተጠቀሰው የ89.9 እና የ1,333.1 ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰናቸውም ከ41.1 እስከ 195.2 እና ከ1,156.2 እስከ 1,536.7 በመሆኑ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ያመጣው ማቆያው ብቻ ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል። በቀጥታ ከገቡት መካከል ለቀናት ካማጡና በቤት ከተሞከረ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ይገኙባቸዋል፤ በማቆያው የሰነበቱት ደግሞ አስቀድሞ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙና ቤተሰባቸው ሊያቆያቸው የቻለ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው እኩል አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በ2012 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ በእናቶች ማቆያ ላይ በዕጣ ድልድል የተደረገ ጥናት እንዳላገኘ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ማቆያዎች እንዲቋቋሙ የመከረው የማስረጃውን ደካማነት ጠቅሶ፣ እንደየሁኔታው እንዲታይ በማሳሰብ ነው። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት የአጣጥን ወሊዶች በወቅቱ ማቆያ ካልነበረው የቡታጅራ ሆስፒታል ጋር ማነጻጸሩ ይህንኑ ክፍተት ለማጥበብ የተደረገ ጥረት ነው። ስለዚህ በውይይቱ ክፍል “አስከተለ” ከማለት “ተያይዞ ታይቷል” ማለት፣ የጥናቱን ድክመትም ራስ ቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ወረዳዎች በጀታቸውን የሚመድቡት በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ላይ ተመሥርተው ስለሆነ፣ የተጋነነ ቃል ገንዘቡን አምቡላንስ ወይም ደም ከሚሻ ሌላ ሥፍራ ሊያነሳ ይችላል።

የሥነ ምግባር ፈቃድና ምስጢር

ጥናቱ አሮጌ መዝገብ በማገላበጥ ብቻ የሚሠራ ቢሆንም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊመለከተው ይገባል። የሆስፒታሉ ኃላፊ የሚሰጠው የትብብር ደብዳቤ የኮሚቴውን ውሳኔ አይተካም። ፈቃዱም መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት መገኘት አለበት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ በአብዛኞቹ መጽሔቶች ተቀባይነት የለውም።

በአነስተኛ ከተማና ገጠር ምስጢር መጠበቅ ስምን ከመሰረዝ የበለጠ ነገር ይጠይቃል። በእምድብር ዙሪያ ከአንዲት ቀበሌ በአንድ የተወሰነ ወር በወሊድ ያረፈች እናት ስሟ ባይጻፍም ማን እንደሆነች ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ዕድሜዋንና የልጆቿን ቁጥር በአንድ ረድፍ ላይ ማውጣት ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች የሚገኙባቸው የሠንጠረዥ ክፍሎች መዋሐድ ይኖርባቸዋል።

ደራሲነት

ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይጠይቃል፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን። ለአክብሮት ሲባል የሚገባ የኃላፊ ስም ይህን አያሟላም። በአንጻሩ 10 ዓመት መዝገቡን የያዘችና ትርጉሙን የምታውቅ አዋላጅ ነርስ በጽሑፉ ዝግጅት እንድትሳተፍ ዕድል ሳይሰጣት በምስጋና መስመር ብቻ መቅረቷ ተገቢ አይደለም። ኮሚቴው በ2023 ባወጣው ማሻሻያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደራሲ ሊሆኑ እንደማይችሉና ጥቅም ላይ ከዋሉም መገለጽ እንዳለበት ደንግጓል።

የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም ስለሌለውና በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፍ፣ የአንድ ሰው ሥራዎች በማውጫዎች ውስጥ የሁለትና የሦስት ሰዎች መስለው ይበታተናሉ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ መምረጥና ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት መፍትሔ ይሆናል።

መጽሔት መምረጥ፣ መላክና ምላሽ መስጠት

መጽሔት የሚመረጠው ጽሑፉ ሊያነበው ከሚገባው ሰው አንጻር ነው። ውጤቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በሀገር ውስጥ ላሉ ባለሙያዎች ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ወይም በ1984 የተጀመረው የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ተገቢ ሥፍራዎች ናቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትማለን እያሉ በኢሜይል የሚጋብዙ፣ የአርታኢዎቻቸው ማንነት የማይታወቅና ክፍያቸውን በመጨረሻ የሚገልጹ ሐሰተኛ መጽሔቶች ግን የዓመታትን ልፋት ከንቱ ያደርጋሉ። እውነተኞቹ በክፍያ የሚያሳትሙ መጽሔቶች ብዙዎቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ሀገሮች ለሚጽፉ ቅናሽ ወይም ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ይህም ከመላክ በፊት መጠየቅ አለበት።

ከመላኩ አስቀድሞ የመጽሔቱ የደራሲያን መመሪያ ቃል በቃል መነበብ ይኖርበታል። የቃላት ብዛት፣ የዋቢዎች አጻጻፍና የሠንጠረዦች ቁጥር ካልተከበረ ጽሑፉ ለግምገማ ሳይቀርብ ይመለሳል። አባሪ ደብዳቤው አጭር ሆኖ ግኝቱን፣ ለመጽሔቱ አንባቢዎች ያለውን ፋይዳና ጽሑፉ ለሌላ መጽሔት ያልተላከ መሆኑን ይገልጻል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔቶች መላክ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።

የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ ለእያንዳንዱ ነጥብ በቁጥር ለይቶ፣ የተደረገውን ማሻሻያና የሚገኝበትን ገጽ ጠቅሶ በአክብሮት መመለስ ልማድ ነው። ከገምጋሚው ጋር አለመስማማት ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን በማስረጃ መቅረብ አለበት። ተቀባይነት ያጣ ጽሑፍም አስተያየቱ ከተካተተበት በኋላ ለሌላ መጽሔት ሊቀርብ ይችላል።

ማጠቃለያ

በገጠር ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ለምርምር የሚሆን ቁም ነገር የለኝም ብሎ ሊያስብ አይገባም። የአጣጥ መዝገብ እንደሚመሰክረው ትልቁ ሀብት በየዕለቱ በትክክል የሚሞላው ረድፍ ነው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላም ውጤቱ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ መረጃው ወደተገኘበት ጤና ኬላና ወደ እናቶቹ ቀበሌ ሊመለስ ይገባል። የመዝገቡ ባለቤቶች በመጀመሪያ እነርሱ ናቸውና።